አሥራ አንድ ከአሥር

ሐሚልተን ከተማ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የብረት ማቅለጫው ጢስ በመስኮት የሚታይ፣
ጠረጴዛ ገጥመው ሦስቱ ተቀመጡ፤
ሕግ አዋቂ፣ ሐኪም፣ አንድም ከሕዝብ የመጡ።
እኔ በዚያ ክፍል ምላስ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁም፤
መሐላዬም ይኸው፦ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላዝንም።
(«አላዝንም» ያልኩት ከራሴ ነው፤ መሐላው ላይ የለም።)

ሕጉ የሚጠራውን ያን ቃል «አቅም» አልኩኝ፤
ሌላ ብፈልግም አማርኛ ነፈገኝ።
ወይዘሮ ዘርትሁን ክንዳቸውን ለኩ፣
«አቅምማ የት አለ!» ብለው ትንሽ ሳቁ።
ይህንም ተረጎምኩ። ጸሐፊዋ ጻፈች፦
«አቅም እንደሌላት በአንደበቷ አመነች።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ክስ ባይባልም ቅሉ፦
ኅዳር ሌሊት፣ ፌርማታ፣ በነጠላ ጫማ ተገኝተዋል አሉ።
ሁለት የእግር ጣት ውርጭ ይዞት ሄዷል፤
ልጃቸው ርብቃ የፈረመችበት ወረቀት ቀርቧል።
ጥያቄውም አንድ፦ በሩ በቁጥር የሚከፈት ይህ ቤት
ይያዛቸው ወይስ ይልቀቃቸው? ማደሪያን መምረጥ የማን ነው መብት?

መርማሪው ማስረጃ አወጣ፤ በእጃቸው የሣሉት ሰዓት።
ክቡ አልተጣመመም፣ አንድም ቁጥር አልተዛነፈበት።
«አሥራ አንድ ከአሥር አድርጉልኝ አልኳቸው፤
አጭሩ ቆጣሪ አምስት ላይ ነው ያረፈባቸው።
ዓመቱን ስጠይቅ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ብለዋል፤
ስምንት ዓመት ሙሉ ከአእምሯቸው ጠፍቷል።»

ያን ዕለትም ያስተረጎምኩት እኔው ነበርሁ።
ቁጥሩን አሻገርሁት፤ ሰዓቱን ማዶ ጥዬ ቀረሁ።

እኚህ ሴት ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ
ሃያ ሁለት ዓመት የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበሩ።
በአምስት ደቂቃ የዘገየ ሁሉ
ደመወዙ በእሳቸው ብዕር ተቆርጧል።
አሥራ አንድ ማለት ለእሳቸው
ፀሐይ ያዘቀዘቀችበት፣ የቀን ፈረቃ የሚበተንበት፣
አጭሩ ቆጣሪ አምስት ላይ የሚቆምበት ነው።

እጄን አወጣሁ። አስተርጓሚ እጅ አያወጣም።
«አስተርጓሚው ስለ ስሕተቱ መናገር ይፈልጋል» አልኩ፣
ራሴን እንደ ሌላ ሰው ከስሼ።
ቀን ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋት የሚቆጠርበት አገር እንዳለ፣
ዓመቱም ሳይቸኩል ከኋላ እንደሚመጣ ነገርኋቸው።
ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሊቀመንበሯ መነጽሯን አወለቀች።

ደስ ብሎኝ ነበር፤
«ያን ሌሊት ወዴት ሊሄዱ ነበር?» እስኪሏቸው ድረስ።
«ፈረቃዬ ነበራ» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።
«የሌሊቱ ፈረቃ። ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ የለ?»

ማንም አልጻፈ። ርብቃ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።
የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ሁለቴ ኳ ኳ አለ።

ከዚያ ቀና ብለው፦ «አንዳንዴ ይጠፋብኛል።
መጥፋቱንም አውቃለሁ። ጣቴን በረዶ እንደበላው፣
ዳግም ቢያገኘኝ ሁለመናዬን እንደሚወስድ አውቃለሁ።
ግን ልጆቼ፣ ሳይጠፋብኝ ለምኖርበት ሰዓት
መዝጊያውን የምይዘው እኔ ብሆን ምናለበት?»

ይህንም ተረጎምኩ። አልጨመርሁም። አልቀነስሁም።
ሦስተኛውን ቃል አልደግመውም።

ውሳኔው በማግስቱ ይደርሳል፤ ለአስተርጓሚ ግን አይነገርም።

«ልሸኝህ» ብለው በከዘራ እስከ በሩ ተከተሉኝ።
ከቁልፎቹ በላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሚያነብላቸው እኔ፦
«መክፈቻው የዘንድሮ ዓመተ ምሕረት ነው።»
ቀጥ ባለ ጣት ነኩት። ሁለት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ስድስት።
ቀይ መብራት።
ደገሙት፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ደመወዝ ቆጣሪ።
ቀይ።
«በሩ ነው የተሳሳተው» አሉኝ፤ እኔም «አዎ» አልኩ፣
ማንም ሳያስተረጉመኝ።

ከዚያ የእነዚያን ዓመት ነካሁ። ተከፈተ።
ለእኔ።